የታችኛው ጥግ ዱባ

ነሐሴ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ቀራንዮ

ዛሬ ይህን ደብተር ጀመርኩ። ደብተር ያልኩት ለክብሩ ነው እንጂ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ቤቴ የቀረ መዝገብ ነው። ከፊቱ በኩል ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት በቅሎ ይካሰሱበታል። ጣሊያን ገብቶ ችሎቱ ሲበተን በቅሎዋ ሳይፈረድባት ቀረች። እኔ ከኋላው ጀምሬ እጽፋለሁ።

የምጽፈው ስለ አትክልት ነው። ስለ ሌላ ነገር መጻፍ አንገት ያስቆርጣል፤ ስለ ጎመን ጽፎ የተሰቀለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ጠዋት ማሬሻሎ ፒኖ መጣ። በአምቦ መንገድ ላይ ላለው ምሽግ ስንቅ የሚሰበስብ የጣሊያን የበታች ሹም ነው። ሆዱ ቀድሞ ይገባል፣ እሱ ዘግየት ብሎ ይደርሳል። አስተርጓሚው ኃይለ መስቀል ከኋላው ጃንጥላ ይዞለታል። ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ከገጠመ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር የለም አሉ። ስለዚህ በዚህ ወንዝ ዳር ያለ አትክልት ሁሉ በአዲሱ ዓመት ቲማቲም ብቻ ይሁን ተብሎ ታዟል።

"ሁሉም?" አልኩ።

"ከአጥር እስከ አጥር" አለ ኃይለ መስቀል። "መሬቱም እስከ ጉልበት ድረስ ተቆፍሮ ይገለበጣል። ቆፋሪ ከምሽጉ ይመጣል፤ እርስዎ አይደክሙም፣ አቶ ጉልላት።"

"ደግነታቸው አይጣል ነው" አልኩ። እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ማሬሻሎው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ማታ ለዋጋነሽ ነገርኳት። ዋጋነሽ ሚስቴ ናት። አትክልቱ በስም የኔ ነው፣ በሥራ የሷ። ለመጪው ዓመት ምን እንዝራ የሚለውን ክርክር በየነሐሴው እናነሳለን፤ እኔ እከራከራለሁ፣ እሷ ትዘራለች። ዘንድሮ ግን ቲማቲሙን ስነግራት እጇ ላይ ያለው ሰፌድ ቆመ።

"ሌላውን የፈለጉትን ያድርጉት" አለች። "የታችኛው ጥግ ዱባ ነው።"

"ዓምናም ዱባ፣ ካቻምናም ዱባ! ፊታችን እኮ ዱባ መሰለ።"

"ዱባ ነው" አለችና ኩራዙን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። በጨለማ ብቻዬን ተከራከርኩ። አሸነፍኩ።

ነሐሴ 7

የገሜዳ ላም አጥር ጥሳ ገብታ ሁለት መደብ ጎመን ጨረሰች። በፍልሰታ! እኛ በጾም ጎመኑን እየቆጠብን እሷ በአንድ ጠዋት አጠናቀቀችው። ገሜዳ ጎረቤቴ ነው፤ ከብት ያረባል፣ ወተቱን ለምሽጉ ያቀርባል፣ አጥር በሚባል ነገር አያምንም።

"ላምህ ጎመኔን በላች" አልኩት።

"ወተቷን ስትጠጣ ይመለስልሃል።"

"ጾም ነው እኮ!"

"እሷ አልተጠመቀችማ" አለና ሳቀ።

አባ ሰንጋ ይድፋት ብዬ ተራገምኩ። ከብት በአንድ ሌሊት የሚጥለው፣ ሥጋውን የነካ ሰውም የማይተርፍበት በሽታ ነው። በጾም መራገም ነውር መሆኑን አውቃለሁ። መድኃኔ ዓለም ግን ጎመኑን ስትበላ ዝም ብሎ አይቷል፤ ስለዚህ እኩል ነን።

ነሐሴ 12

ዝናብ። ማሬሻሎው የቲማቲም ዘር በቆርቆሮ ላከ። ዋጋነሽ አላየችውም፤ ማለት አይታዋለች፣ ግን አላየችውም።

ቀኑን ሙሉ ዱባው ዘንድ ነበረች። ዱባ ይኮተኮታል እንዴ?

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ከመድኃኔ ዓለም ስንመለስ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ። "ያ ማን ነው?" አለች አንደኛዋ። "ጉልላት ነዋ! ጠመንጃውን በመጀመሪያው ቀን ያስረከበው።"

ውሸት ነው። በመጀመሪያው ቀን አልነበረም፣ በሁለተኛው ነው። ደግሞም ብቻዬን አልነበርኩም፤ ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፎ ነበር። ወገቤንም ያመኝ ነበር። ጠመንጃ ያልሰጠ ይገደላል ተብሎ ታውጇል። የሞተ ሰው በጠመንጃ ምን ይሠራል? የአባቴ ጠመንጃ ነበር። ወረቀት ሰጡኝ፣ ማኅተም ያለበት።

ወረቀቱን ሳሳያት ዋጋነሽ አጣጥፋ መለሰችልኝ። ወንድሟ ገረሱ በዚያው ሳምንት የራሱን ይዞ ዱር ገባ። ስለ እሱ አንነጋገርም። ከዚያ ወዲህ "እርስዎ" ስትለኝ ለዳኛ የምትናገር ይመስላል። አራት ዓመት ሙሉ ሳይፈረድብኝ እንደ በቅሎዋ ቆሜአለሁ።

ይህን ለምን ጻፍኩ? ስለ አትክልት ነበር የምጽፈው።

ቀይ ሥር ብንዘራስ? ጣሊያን ቀይ ሥር አይወድም ይባላል።

ነሐሴ 24

ዋጋነሽ ወፍጮ ሄዳለች። እኔ ዱባውን ልጎበኝ ወረድኩ። የገዛ አትክልቴ ነው፣ መጎብኘት እችላለሁ። ቅጠሉ ጥጉን ሁሉ ሸፍኖታል፣ መሬት የሚባል አይታይም። መቋሚያዬን ወደ አፈሩ ሰደድ አደረግሁት። አንድ ክንድ ያህል ገባና ቆመ።

ድንጋይ ነው።

ነሐሴ 25

ድንጋይ ነው። ቀራንዮ ድንጋያም አገር ነው፤ ሁሉም ያውቃል።

ነሐሴ 26

ድንጋይ ግን እንደ ብረት ቂው አይልም።

ምንም አላየሁም። ምንም አልሰማሁም። ለዋጋነሽም ምንም አልነገርኳት። ምሳዬን አልበላሁም። "ምነው?" አለች። "ሆዴ" አልኩ። እሱስ እውነት ነው።

ጳጉሜ 3

ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ቤት ክዳን ውስጥ ጠመንጃ ተገኘ። ሰውየውን ወሰዱት። ቤቱን አቃጠሉት፤ ጭሱ እስከ ማታ እኛ ጓሮ ላይ ተኝቶ ዋለ። ሚስቱ በመንገዱ ስታልፍ አየኋት፤ አንድ ድስት ብቻ ይዛለች።

ኃይለ መስቀል መጣ። ቆፋሪዎቹ የሚመጡት መስከረም 10 ቀን ነው። በእኛ ይጀመራል። ዕድለኞች ናችሁ ይላል።

ከአጥር እስከ አጥር። እስከ ጉልበት ድረስ።

መስከረም 1 ቀን 1933 ዓ.ም.

አዲስ ዓመት። ዋጋነሽ አደይ አበባ ነስንሳ ቤቱን አሳምራዋለች፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ቁርስ በልተን ስንጨርስ ጨዋነቴን ጥዬ ጠየቅኋት።

"ስንት ናቸው?"

ዱባው ስንት ነው ያልኩ አስመስላ ልታልፈኝ ትችል ነበር። አላለፈችኝም።

"አምስት" አለች። "አንድ ሣጥን ጥይትም አለ።"

ሁሉን ነገረችኝ። አወራሯ ስለ ሽንኩርት የምታወራ ነው የሚመስለው። ሰዎች የደበቁትን ጠመንጃ ቤታቸው ማቆየት ሲፈሩ በክረምት አንድ አንድ እያሉ ለሷ ያመጡላታል። ዱባ በሰኔ ይተከላል፣ መቆፈር አይፈልግም፣ ቅጠሉ ሁሉን ይሸፍናል። ወንዞቹ ሲጎድሉ፣ በመስቀል ሰሞን፣ የገረሱ ሰዎች መጥተው ይወስዳሉ። ሦስት ክረምት እንዲህ አድርጋለች። ሦስት ክረምት ያን ዱባ በልቻለሁ፣ ጣዕም የለውም ብዬም አማርሬአለሁ።

"አሁኑኑ አውጥተን ወንዝ እንክተተው" አልኩ።

"ሰው አንገቱን ሰጥቶ ያቆየው ነው።"

"እኛስ አንገት የለንም?"

"አለን" አለች። "እርስዎ ከፈሩ የእህትዎ ቤት ይሂዱ። አልቀየምዎትም።"

የከፋው ይሄ ነው። አለመቀየሟ። ከእኔ ምንም አለመጠበቋ።

ሌላ ቦታ መደበቅ እንዳንል ግቢው በሙሉ ይገለበጣል። ቤቱን በየሳምንቱ ይፈትሹታል። መንገዱ ላይ ዘበኛ አለ። ወንዙ ገና ሙሉ ነው፤ ሰዎቹ ከደመራ በፊት አይሻገሩም። ቁፋሮው ደግሞ ከደመራ ስድስት ቀን ይቀድማል። በስድስት ቀን ልዩነት የሚሰቀል ሰው ከኔ በፊት ነበር?

እህቴ ቤት አልሄድኩም። መንገዱ ጭቃ ነው።

መስከረም 6

ያሰብኳቸው ነገሮች፦ ታምሜአለሁ ማለት (እነሱ ምን ገደዳቸው)። ጥጉ የመቃብር ቦታ ነው ማለት (የመቃብር ቦታ ይወዳሉ፣ ይቆፍሩታል)። እባብ አለ ማለት (ማሬሻሎው ሽጉጥ አለው)።

ዋጋነሽ ልብሷን አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣለች። ለሚወስዷት ቀን ይመስለኛል። የኔንም አጥባዋለች።

መስከረም 10

በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ ኋላ ይታወቃል።

በጠዋት መጡ፤ ስድስት ቆፋሪ፣ ሁለት ባለ ጠመንጃ፣ ኃይለ መስቀል፣ ማሬሻሎው። ማሬሻሎው የራሱን ወንበር አስይዞ መጥቷል። ከላይኛው አጥር ጀመሩ። ጎመኑን ነቀሉት፣ ድንቹን ገለበጡት። እኔ ሦስት ጊዜ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ ሁለቱ እውነተኛ ነበሩ። ዋጋነሽ በር ላይ ቆማ ምስር ትለቅማለች። የምትለቅመው ምስር አንዲት ጠጠር አልነበረበትም።

ቀትር ላይ ዱባው ዘንድ ደረሱ። አንዱ ቆፋሪ የዱባውን ሐረግ በዶማው ሳብ ሲያደርገው አፌ ሳያማክረኝ ተከፈተ።

"ተው! አባ ሰንጋ!"

ሁሉም ቆሙ። ቆፋሪው የአገሬ ሰው ነው፤ ዶማውን እንደ እሳት ጣለው።

"ምን አለ?" አለ ማሬሻሎው፤ ይህን ያለ አስተርጓሚም ገባኝ።

"እዚህ ጥግ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ተቀብሯል" አልኩ። "ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ያልቆፈርነው።"

ኃይለ መስቀል ዐይን ዐይኔን አየኝ። ከዚያ ዞር ብሎ በጣሊያንኛ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ "ካርቦንኪዮ።"

ያን የሚያህል ሆድ ያን ያህል ወደ ኋላ ሲዘል አይቼ አላውቅም። ወንበሩ ተገለበጠ። አፉን በመሐረብ ይዞ ጠየቀ፤ የማን ከብት? መቼ?

የማን ከብት እንደሆነ አላሰብኩበትም ነበር። ውሸት ስትፈጥር ባለቤት ያስፈልጋታል። ከምላሴ ጫፍ የማይጠፋው ስም ደግሞ አንድ ነው።

"የገሜዳ" አልኩ።

ወዲያው ገሜዳን ከአጥሩ ማዶ ጠሩት። በረት ሲጠርግ ነበር፣ እጁ እበት ነው። በዚህ ወንዝ ዳር ስለ ከብት ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከከብቱ አንዱም በአባ ሰንጋ እንዳልሞተ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ወተቱን የሚወስድለትም ይኸው ምሽግ ነው። ላሙ ጎመኔን በላች እያልኩ ሁለት ጊዜ ለጭቃ ሹሙ ከስሼዋለሁ።

ኃይለ መስቀል ጠየቀው። ገሜዳ እኔን አየ። ዋጋነሽን አየ። ዱባውን አየ። ጊዜ ወሰደ፤ እኔ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞትኩ።

"በሬዬ ነበር" አለ። "ጥቁሩ። በሐምሌ፣ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።"

"ለምን ለመንግሥት አላመለከትክም?"

"እኔ መጻፍ አልችል" አለ ገሜዳ። "ጸሐፊው እሱ ነው።" አለና በእበታም ጣቱ ወደ እኔ አመለከተ።

ለሁለታችንም አሥር አሥር አለንጋ ተፈረደ፤ እሱ ባለማመልከቱ፣ እኔ ባለመጻፌ። እዚያው አትክልቱ መሐል አስተኙን፣ ጎን ለጎን። እኔ ከሦስተኛው ጀምሮ ጮህኩ። ገሜዳ አልጮኸም፤ በአምስተኛው ላይ ግን ፊቱን ወደኔ አዙሮ "አሁን ጎመኑን ከፈልኩ?" አለኝ። ጉድ በል፣ እየተገረፍኩ ሳቅሁ። የሳቅሁበትን አንድ ጨመሩልኝ።

ሲሄዱ ጥጉ ላይ ኖራ አፈሰሱበት፣ በሽቦ አጠሩት፣ ሰሌዳም ተከሉበት፤ መግባት ክልክል ነው የሚል ነው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አምስቱን ጠመንጃ የጣሊያን መንግሥት ይጠብቅልናል።

ዋጋነሽ ጀርባዬን ቅቤ ቀባችኝ። ቅቤው ለመስቀል ያስቀመጠችው ነበር።

መስከረም 13

ወሬ ከእግር ይፈጥናል። ከአባ ሰንጋ ግቢ ቅጠል አይገዛም ተባለ። ዋጋነሽ ሽንኩርት ይዛ ገበያ ወጥታ ሳትፈታው ተመለሰች። ሴቶቹ እንዳይነኳት ሸሿት።

የገሜዳንም ወተት ምሽጉ መለሰበት። እንስራው ደጁ ላይ ተቀምጧል፤ ከመንገድ አየሁት። ስድስት ልጆች አሉት።

ይህን እኔ ነኝ ያደረግሁት። የመጣልኝ ስም የሱ ስለሆነ ብቻ።

መስከረም 14

ገሜዳ ዘንድ ሄድኩ። በእንብርክክ ልለምነው አስቤ ነበር፤ ጀርባዬ አልታጠፍ አለኝ፣ ቆሜ ለመንኩት።

"ማረኝ" አልኩ። "ስምህ ከአፌ ያመለጠ ነው።"

"በኔ ፈንታ የሌላ ሰው ስም ቢያመልጥህ ኖሮ ዛሬ አንተ አትኖርም ነበር" አለ። "ሌላው ምን ያውቃል?"

"አንተስ እንዴት አወቅህ?"

"ላሜ ነገረችኝ" አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። "ጎመንህን ስትበላ ሚስትህ ዝም ትላለች። ወደ ዱባው ስትሄድ ግን ዱላ ይዛ ትሮጣለች። ለዱባ ማን ይሮጣል? ሦስት ዓመት አየሁ። ዝም አልኩ።"

ከአንድ ላም በኋላ ነው እንግዲህ ያወቅሁት፣ በገዛ ግቢዬ።

"ወተቱስ?" አልኩት።

"ልጆቹ ይጠጡታል። ወፍረው ያስቸግሩኛል።" ፈገግ አለ፣ ግን እንስራውን አላየም።

መስከረም 16

የደመራ ዕለት። በጠራራ ፀሐይ ሆነ።

ወንዙ ጎድሏል። ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ ረዣዥም ችቦ ታቅፎ ወደ መድኃኔ ዓለም ሲወጣ፣ ሁለት ገበሬዎች በአህያ እንጨት ጭነው በገሜዳ በረት በኩል ገቡ። ዋጋነሽ ሽቦውን አነሳች። እኔና ገሜዳ ቆፈርን። ኖራው ዐይኔን አቃጠለኝ። ጠመንጃዎቹ በቆዳ ተጠቅልለዋል፤ አንዳቸውም አልዛጉም። እያንዳንዳቸውን በችቦ መሐል አሰርን፤ የጥይቱን ሣጥን በአህያው እንጨት ውስጥ ደበቅን። በዚያ ቀን ችቦ ያልያዘ ሰው ነው የሚጠረጠረው።

ዘበኛው ፊት ሲያልፉ አንደኛው ቆሞ እሳት ለመነው። ሲጋራውን ለኮሰለት።

አንደኛውን ጠመንጃ ሳስር እጄ ላይ ትንሽ ቆየ። የአባቴ አይደለም። ግን ክብደቱን አውቀው ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት ዋጋነሽ ስለ ገረሱ ጠየቀች። ደኅና ነው አሉ፤ አንድ እግሩን ያነክሳል እንጂ ደኅና ነው። ረሃቡ ነው ያስቸገራቸው።

ጥቅምት 4

ዝናቡ አቁሟል። ማሬሻሎው በመንገዱ ያልፋል፣ ወደ እኛ አይዞርም፤ ቲማቲሙን ወንዝ ማዶ እያስተከለ ነው አሉ። እኔ ባየሁት ቁጥር ቆቤን አንስቼ እጅ እነሳዋለሁ። እርምጃውን ያፈጥናል።

ዛሬ ስለ አዲሱ ዓመት አትክልት ተከራከርን። ገሜዳም ነበር። በከተማው ከኛ ግቢ ቅጠል የሚበላ ሰው የለም። አባ ሰንጋው ምን እንደነበረ የሚያውቁ፣ ስለዚህም የማይፈሩን፣ ዱር ያሉት ብቻ ናቸው። ለእነሱ እንዝራ አለች ዋጋነሽ። የገሜዳ አህያ ትጭናለች፤ ማንም በሽታ ፈርቶ ጭነቷን አይፈትሽም።

"ሰላጣ" አልኩ። ሰላጣ እወዳለሁ።

"ሦስት ቀን በአህያ ተጉዞ ሰላጣ?" አለ ገሜዳ። "ላሜ እንኳ አትበላው።"

ጎመን ይጠወልጋል። ቲማቲም ይፈርጣል። ቃሪያ ይደርቃል፣ ደርቆም ይጠቅማል። ድንች ጭነት ይችላል፣ ያጠግባል። ቀይ ሽንኩርት ይቆያል። ነጭ ሽንኩርት ለወጥም ለቁስልም ይሆናል። አንድ በአንድ ተነጋገርን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሷንም የኔንም ሰምተን። ላይኛው መደብ ድንች፣ መሐሉ ቀይ ሽንኩርት፣ በአጥሩ ሥር ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከወንዙ ወገን።

"መሬቱንስ ማን ይቆፍራል?" አልኩ። ቆፋሪዎቹ ከላይ ያለውን ጨርሰው ሄደዋል፣ ከታች ግን ግማሹ አልተነካም።

ዋጋነሽ ዶማ አቀበለችኝ። አራት ዓመት የዳኛ ፊት ያየሁባት ሴት ናት። "እኔ ከዚህ፣ አንተ ከዚያ" አለች።

አንተ አለችኝ። ገሜዳ ሰምቶ እንዳልሰማ ወደ ላሙ ዞረ።

ጥቅምት 5

ብዙ አልጽፍም። እጄ ውሃ ቋጥሯል፣ ሁለት ቦታም ፈርጧል። ድንቹ ገባ። ነገ ሽንኩርቱ ነው።